«ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ አድጌያለሁ ወይ?»

ጥያቄ፦ «ሐረር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። በነርስነት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ኃላፊ ከሆንኩ ግን ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ሰኔ 30 ሳይደርስ የሰው ሀብት ክፍሉ አንድ ቅጽ ሙሉ ብሎናል። ቅጹ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በዓመቱ እንደ መሪ ያሳየነውን ዕድገት፣ ከዚያ ደግሞ የቀጣዩን ዓመትና የአምስት ዓመት ግባችንን። አምና "የቡድን መንፈስን አጠናክራለሁ፣ የታካሚ እርካታን እጨምራለሁ" ብዬ ሞልቼ ሰጠሁ። ዘንድሮ ያንኑ ልገለብጥ ስል እጄ እምቢ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ማደጌን አላውቅም። ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ፣ ከሁሉም በኋላ እወጣለሁ። ቤት ሆኜም ስልኬ አያርፍም። የዕቃ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ እንኳ የሚያድረው እኔ ጋ ነው። ከእኔ የሚበልጡ ነርሶች አሉ፤ አንዷማ ተማሪ ሳለሁ ያስተማረችኝ ናት፣ እሷን ማዘዝ ያሳፍረኛል። አንዳንዴ "ምን አለ ኃላፊነቱን ትቼ ወደ ታካሚዎቼ ብመለስ" እላለሁ። ምን ልጻፍ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ማደጌን በምን ልወቅ?»

ምላሽ፦

ሲስተር፣ ቅጹን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። እሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ኋላ እንመለስበታለን። ዋናው ነገር የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ቀድሞ መግባት፣ አምሽቶ መውጣት፣ ሌሊት ስልክ ማንሳት ትጋት ነው። ግን ተራ ነርስ ሳለሽም ትጉ ነበርሽ። ኃላፊ ያደረጉሽም ለዚሁ ነው። ስለዚህ በትጋትሽ ብዛት ዕድገትሽን ልትለኪ አትችይም፤ ድሮም የነበረ ነገር ነውና። እንዲያውም እኔ አንድ ኃላፊ «ከሁሉም በኋላ ነው የምወጣው» ሲለኝ ከማድነቄ በፊት «ለምን?» ብዬ እጠይቃለሁ።

የመሪ ዕድገት የሚታየው መሪው በሌለበት ሰዓት ነው። ይህን ያልኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። የሙያሽ እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክራይሚያ ጦርነት ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርሲንግ ስትጽፍ ይህን ነገር ብቻውን ለይታ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥታዋለች። አንቺ ስትኖሪ የሚሠራው ነገር አንቺ ሳትኖሪም እንዲሠራ ካላደረግሽ፣ ጥሩ የነርስነት ሥራ ሁሉ ገደል ይገባል ነው የምትለው። ከዚያ ወዲህ ስለ አመራር ብዙ ተብሏል። ለዋርድ ኃላፊ ግን ከዚህ የተሻለ መለኪያ እስካሁን አላገኘሁም።

ችግሩ እኛ አገር «ራስህን ገምግም» ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ስብሰባ ነው። ሂስና ግለ ሂስ። አንዱ ይነሳል፣ ጥቂት ኃጢአት ይናዘዛል፣ «ወደፊት አሻሽላለሁ» ይልና ይቀመጣል። ያመነውም የሰማውም ማንም የለም። ከዚህ የተነሳ ቅጽ ሲሰጠን ወይ እንደ ክስ መልስ እንጽፋለን፣ ወይ እንደ ሥራ ማመልከቻ። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» የሚል። ይሄንን ስንቱ ቅጽ ላይ እንዳየሁት! ይሄማ ምስጋናን ድክመት አስመስሎ ማቅረብ ነው።

ስለዚህ ስለ ራስሽ ቅጽል አትፈልጊ። «ታጋሽ ሆኛለሁ»፣ «በራስ መተማመኔ ጨምሯል» የሚሉትን ተያቸው። ማስረጃ ፈልጊ። ማስረጃው ደግሞ እጅሽ ላይ አለ፤ ስልክሽ ነው።

ዛሬ ማታ ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይና ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ከሥራ ሰዓት ውጪ ከዋርዱ የተደወለልሽን ተመልከቺ። የምታስታውሺውን ያህል ወረቀት ላይ አስፍሪ። ማን ደወለ? ስንት ሰዓት ላይ? ምን ፈልጎ? «ካኑላ (ደም ሥር ላይ የሚተከለው ቀጭን ቱቦ) አልቋል፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው።» «የ7 ቁጥር አስታማሚ እየጮኸብን ነው።» «ተረኛው ሐኪም ስልክ አያነሳም።» «ነገ ልቀር ስለምችል ብዬ ነው።» «የደም ግፊቱ ወርዷል፣ ምን እናድርግ?»

ከዚያ ሦስት ቦታ ክፈያቸው። አንደኛው፣ አንቺን በእርግጥ የሚፈልግ ጥሪ ነው። ሁለት ተረኛ አንድ ላይ ቀርቶ ዋርዱ ባዶ ሊሆን ከሆነ ኃላፊዋ ማወቅ አለባት። ሁለተኛው፣ ቁልፉ ወይም ፈቃዱ አንቺ ጋ ስለሆነ ብቻ የተደወለ ነው። ሦስተኛው፣ መልሱን እያወቁ ፈርተው የደወሉት ነው። የደም ግፊቱ የወረደበት ታካሚ ዘንድ የቆመችው ነርስ ሐኪም መጥራት እንዳለባት ታውቃለች። የደወለችልሽ ኋላ «ለምን ጠራሽ?» ወይም «ለምን አልጠራሽም?» እንዳይመጣባት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ከሆነ ችግሩ የሆስፒታሉ አሠራር ነው፤ ከሜትረኗ (ከሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) ጋር ተነጋገሩበት። ሁለተኛው ብዙ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ በአንድ ሳምንት ይስተካከላል። ሦስተኛው ብዙ ከሆነ ግን ቀጣዩ ዓመትሽ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ሁለተኛውን ቶሎ እንጨርሰው። የጓንት፣ የሲሪንጅና የካኑላ ቁም ሣጥን ቁልፍ ቤትሽ የሚያድርበት ምክንያት የለም። ዕቃ ጠፍቶ ያውቅ ይሆናል፤ ይገባኛል። አንድ መዝገብ ክፈቺ፣ ተረኛዋ ትፈርምና ትረከብ፣ ስትወጣ ቆጥራ ታስረክብ። የሚጠፋው ካለም መቼና በማን ተራ እንደሆነ ይታወቃል። አሁን ከአንቺ ቦርሳ ቁልፍ ጠብቆ ሌሊት ካኑላ ያጣ ታካሚ ግን በየትም መዝገብ አይገኝም። አደንዛዥነት ያላቸው መድኃኒቶች የሚቀመጡበት ቁልፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን በሆስፒታሉ ደንብ መሠረት ብቻ፣ በፊርማ ርክክብ። እኔ ብዬሽ እንዳትነኪው።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ለዚህ የጠዋቱን ርክክብ እንመልከት።

ለሥልጠና ሆስፒታል ስገባ ርክክብ ላይ ጥግ ይዤ መቆም እወዳለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ የሌሊት ተረኛዋ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጋወኗ ላይ የሆነ ነገር ፈሶበታል፣ ቻርት ታቅፋለች። ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። እኔ ግን የምመለከተው ስታነብ ማንን እንደምታይ ነው። ታካሚውን የምትረከበው የቀኗ ነርስ አጠገቧ ቆማለች። እሷ ግን የምታየው ኃላፊዋን ነው። «5 ቁጥር ሌሊት ትኩሳት ነበረው» ትላለች። ዝም። ኃላፊዋ ትጠይቃለች፤ «ስንት ነበር? ስንት ሰዓት ላይ? ለሐኪም ተነግሯል?» ሦስቱንም ጥያቄ እሷው። የቀኗ ነርስ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቃለች። ታካሚው የእሷ መሆኑ እየተረሳት ነው። አስታማሚዋም ይህን ታያለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንኛውንም ነገር የምትጠይቀው ኃላፊዋን ብቻ ነው።

አንቺ ዋርድ ውስጥ እንዲህ ነው ወይስ አይደለም? እኔ አላየሁትም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጥያቄውን የምትጠይቂው አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ ልጆቹ ሌሊት ሲጨንቃቸው ወደ አንቺ መደወላቸው አይግረምሽ። ቀን ያስለመድሻቸው ይህንኑ ነው።

አንድ ጠዋት ሞክሪ። «ትኩሳት ነበረው» ሲባል ዝም በይ። በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ዝምታው ይከብዳል፤ አንዳንዱ ጫማውን ያያል። ከዚያ አንዷ ትጠይቃለች። ካልጠየቀች ደግሞ ወደ ቀኗ ነርስ ዞረሽ «አንቺ ነሽ የምትረከቢው፤ ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» በያት። ታካሚው አደጋ ላይ ከሆነ ይሄ ሁሉ ይቅር፣ ወዲያው ተናገሪ። ዝምታው ማስተማሪያ ነው፤ በሰው ሕይወት ዕጣ መጣያ አይደለም።

አበው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ለሐሜተኛ የሚነገር ነው። ግን የሌሎችን ሥራ ስትሠራ ውላ የራሷን ላላነካች ኃላፊም ይሆናል። የአንቺ የራስሽ ሥራ ምን ነበር? የተራ ፕሮግራም በጊዜ ማውጣት፣ አዲሶቹን ነርሶች ማብቃት፣ የዕቃ እጥረቱን በጽሑፍና በቁጥር ለአለቆች ማሳወቅ፣ ከሐኪሞቹ ጋር ያለውን መፋተግ ማለዘብ። ካኑላ ተክለሽ ስትውይ እነዚህን ማን ይሠራቸዋል?

እዚህ ላይ ያልጻፍሽውን ልገምት። ካኑላ መትከል ደስ ይልሻል። እምቢ ያለ ደም ሥር አንቺ ስትመጪ እሺ ይላል፣ ታካሚው ይመርቅሻል፣ ሥራው በሦስት ደቂቃ ያልቃል። የኃላፊነት ሥራ ግን እንዲህ ያለ ደስታ የለውም። የዛሬ ሥራሽ ውጤት የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ያኔም የሚመሰገነው ሌላ ሰው ነው። «ወደ ታካሚዎቼ ብመለስ» የምትይው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ጥሩ ባለሙያ ሆኖ ኃላፊ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ነው። በድሬዳዋ ፋብሪካዎች የማገኛቸው ከመካኒክነት የፈረቃ ኃላፊ የሆኑ ሰዎችም ይህንኑ ነው የሚነግሩኝ። ማሽን ሲቆም እጃቸውን ይበላቸዋል።

መፍትሔው እጅን መቁረጥ አይደለም። በወር አንድ ቀን እንደ ተራ ነርስ ግቢ። ግን የምር እንደ ተራ ነርስ፤ የዚያን ቀን ኃላፊዋ ሌላ ሰው ትሁን፣ አልጋ ትመድብልሽ፣ አንቺም ታዘዢ። ዋርድሽን ከዚያ በኩል ስታዪው የሚገርምሽ ነገር አይጠፋም።

አሁን ስላስተማረችሽ ሲስተር እናውራ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ቆም ብዬ ያነበብኩት እሱን ነው።

የሐረርና የድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብሎ ይጠራል፤ የአዲስ አበባ ሰው ይደነግጣል። ግን በአፍ መቀራረብ ሌላ፣ ታላቅን ማዘዝ ሌላ። እፍረትሽ ተገቢ ነው። አስተዳደግሽ ነው፣ አታጥፊው። ግን እፍረት ሥራ ሲያስቀር ዋጋውን የሚከፍል ሰው አለ። ለምሳሌ እሷ ስታረፍድ ዝም ካልሽ፣ የሌሊት ተረኛዋ ሳትወጣ ትቆያለች። ያቺ ልጅ ደግሞ ቤቷ ሕፃን ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ዝም ያልሽው ታላቅሽን አክብረሽ ብቻ አይደለም፤ ታናሽሽ ላይ ጭነሽ ነው።

እኔ ብሆን ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ የእሷ የሆነ ሥራ እሰጣታለሁ። አዲስ ነርሶችንና ተለማማጅ ተማሪዎችን ማለማመድ ከእሷ የተሻለ ለማን ይሰጣል? በሰው ፊትም ምክር እጠይቃታለሁ፤ ለይምሰል ሳይሆን ስለምታውቅ። ሁለተኛ፣ ሰዓትና ተራን በተመለከተ ለማንም አላዳላም። ይህን ደግሞ ለብቻዋ፣ ቡና ላይ፣ እነግራታለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር፦ «ሲስተር፣ ሥራ የተማርኩት ካንቺ ነው። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔው ልንገርሽ ያልኩት። ሰኞና ረቡዕ ስትዘገዪ የሌሊቷ ልጅ ልጇን ትምህርት ቤት ሳታደርስ ቀረች። ችግር ካለብሽ ንገሪኝ፣ ተራሽን እናስተካክል። ካልሆነ ግን በሰዓቱ እፈልግሻለሁ።» እንግዲህ ትቆጣ ይሆናል። ሁለት ቀን ታኮርፍሽም ይሆናል። ያ የእሷ መብት ነው።

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፤ ኃላፊ በሆንሽ በመጀመሪያው ወር ይህን ንግግር ልትናገሪው ትችይ ነበር? አትችይም ነበር። ዘንድሮ ከእሷም ባይሆን ከሌላ ሰው ጋር ተናግረሽው ታውቂያለሽ? ካወቅሽ፣ እሱን ጻፊ። ዕድገት የሚባለው እሱ ነው። ቀንም ቦታም አለው፣ ሊክድሽ የሚችል የለም።

ከስልክሽና ከርክክቡ ሌላ ሦስተኛ ምንጭ አለ፤ የሰው አፍ። ብዙ ኃላፊ «ስለ እኔ ምን ታስባላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያገኘውም «ጥሩ ነሽ፣ እግዜር ይስጥልን» ነው። ጥያቄው ሰፊ ሲሆን መልሱ ባዶ ይሆናል። ጠበብ አድርጊው። «ባለፈው ወር ካደረግኩት ውስጥ ሥራሽን ያከበደብሽ ምንድን ነው?» በይ። «ምን ብተው ይሻልሽ ነበር?» በይ። ሐረር በመሆንሽ በዚህ በኩል ታድለሻል። ሰዉ ፊት ለፊት ይናገራል፤ «አቦ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ትደጋግሚያለሽ» ለማለት ሦስት ስብሰባ አያስፈልገውም።

ነርሶቹን ብቻ እንዳትጠይቂ። የጽዳት ሠራተኞቹን ጠይቂ። እነሱ ሌሊቱንም ቀኑንም ያያሉ፣ ማንም ከነሱ ፊት አይደበቅም። አንቺ ከዋርድ ስትወጪ ምን እንደሚለወጥ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሲነግሩሽ ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ባይሆንም እንዳትከላከይ። «ግን እኮ...» ብለሽ የጀመርሽ ዕለት ያ ሰው ዳግመኛ እውነት አይነግርሽም። «አመሰግናለሁ» በይና ሂጂ። ከተነገረሽ ውስጥ አንዷን ትንሽ ነገር በዚያው ሳምንት ለውጪና ይዩት። ይሄ ከመቶ ጥያቄ ይበልጣል።

እስካሁን ያልነው ያለፈውን ስለማየት ነው። አሁን ወደ ግቡ።

«የቡድን መንፈስን አጠናክራለሁ» የሚለው ለምን እንደማይሠራ ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ እጅሽ እምቢ ያለው ለዚህ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም ማለት አይቻልም። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ላታም የተባሉ ተመራማሪዎች ግብ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለአሥርት ዓመታት አጥንተዋል። የደረሱበት ነገር በአጭሩ፣ ግልጽና ፈታኝ ግብ «የቻልኩትን አደርጋለሁ» ከሚለው የተሻለ ውጤት ያመጣል የሚል ነው። ይህን ሥልጠና ላይ ሁሉም ይሰማዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀጣዩ ነው። ሰውየው ለሥራው አዲስ ከሆነ፣ ሥራውም ውስብስብ ከሆነ፣ የውጤት ቁጥር መስጠት ሊጎዳው ይችላል። ቁጥሩን ሲያሳድድ የሥራውን መላ ሳይማር ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የመማር ግብ ይሻለዋል፤ «ይህን ነገር የማደርግባቸው ሦስት መንገዶች አገኛለሁ፣ እሞክራለሁ» የሚል።

አንቺ በነርስነት ስምንት ዓመት አለሽ፣ በመሪነት ግን ገና ሁለት ዓመትሽ ነው። ስለዚህ «የታካሚ እርካታን ወደ 95 በመቶ አደርሳለሁ» ብለሽ አትጻፊ። ያ ቁጥር ካንቺ ይልቅ በውኃው፣ በመድኃኒቱ አቅርቦትና በሐኪሙ ብዛት ይወሰናል። በእጅሽ ያልሆነን ነገር ግብ ካደረግሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ስታዝኚ ትከርሚያለሽ። የመድኃኒት እጥረትን ማስቀረት አትችይም። እጥረቱን በየሳምንቱ በቁጥር አስደግፈሽ ማሳወቅ ግን ትችያለሽ።

እኔ አንድ ግብ ብቻ እንድትይዢ እመክርሻለሁ። አንድ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ሦስት ነርሶች እኔ ሳልኖር ተራውን በሙሉ ኃላፊነት እንዲመሩ አበቃለሁ። ርክክብ እነሱ ይመራሉ፣ የቀኑን የአልጋ ድልድል እነሱ ያወጣሉ፣ ሐኪም መቼ እንደሚጠራ እነሱ ይወስናሉ።» ሦስቱን በስም አስቢያቸው። አንዷ ዝምተኛዋ ትሁን፤ ሁልጊዜ ደፋሮቹ ብቻ ይመረጣሉ። ማን የቱን እንደሚችል፣ የቱ እንደሚቀረው በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያዢ።

ከዚያ ግቡን የዕለት ልማድ አድርጊው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ያሳየው አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሰው «ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ» ብሎ ሁኔታውን ከድርጊቱ ጋር አስቀድሞ ካሰረው፣ ዝም ብሎ ከማቀድ ይልቅ የማድረግ ዕድሉ ይጨምራል። ላንቺ እንዲህ እንበለው፦ «ማታ ከዋርድ ሲደወልልኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት 'አንቺ ምን አሰብሽ?' እላለሁ።» ያሰበችው ትክክል ከሆነ «እንደዚያው አድርጊ፣ እኔ አለሁበት» በያት። ይህቺ «እኔ አለሁበት» ትልቅ ነገር ናት። ልጆቹን የሚያስፈራቸው መሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ ሲሳሳቱ ብቻቸውን መቅረታቸው ነው። ስለዚህ ነገሩ ሲበላሽ ጠዋት በሰው ፊት ከጮህሽባት፣ የወራት ልፋትሽ በአንድ ጠዋት ያልቃል።

ሐረር ውስጥ የአፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ሴቶች ለሠርግም ለለቅሶም ሲሰባሰቡ አይተሽ ይሆናል። ማን ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ሥራው በየሰዉ እጅ ገብቶ ይሄዳል። ዋርድሽ እዚያ እንዲደርስ ነው የምፈልገው።

በመሃል እንዳይጠፋብሽ ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር፣ ዊፕሮ በተባለ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠልጣኞች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። በሥልጠናው ቀን መጨረሻ 15 ደቂቃ ስለተማሩት ነገር የጻፉት፣ ያንን 15 ደቂቃ ሥራቸውን ከቀጠሉት ይልቅ በመጨረሻው ፈተና ከ20 በመቶ በላይ የተሻለ ውጤት አመጡ። አንቺ በየቀኑ 15 ደቂቃ የለሽም፤ አውቃለሁ። ዓርብ ዓርብ፣ ባጃጅ ከመያዝሽ በፊት፣ ከነርሶች ክፍል ሳትወጪ ጻፊ። ሦስት ነገር፤ በዚህ ሳምንት ያለ እኔ ምን ሆነ? ሳያስፈልግ እጄን ያስገባሁት የት ነው? የቱን ንግግር ሸሸሁ? ደብተሩ ላይ ግን የታካሚ ስም እንዳይኖር። የሠራተኛም ስም ባይኖር ይመረጣል፤ ደብተር ይጠፋል።

ሌላም አንድ ልማድ ልጨምርልሽ። ስለ አመራር ብዙ የጻፈው ፒተር ድራከር የሚመክረው ነበር። ትልቅ ውሳኔ ስትወስኚ፣ ይሆናል ብለሽ የምትጠብቂውን በዚያው ቀን ጻፊ። ከዘጠኝ ወይም ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ከሆነው ጋር አስተያዪው። ለምሳሌ ቁልፉን ለተረኞች ስትሰጪ «ዕቃ ይጠፋ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ፤ የሌሊት ስልክ ግን በግማሽ ይቀንሳል» ብለሽ ጻፊ። በሚያዝያ ትመለከቺዋለሽ። የት ላይ ግምትሽ ልክ እንደሆነ፣ የት ላይ ሁልጊዜ እንደምትስቺ የሚነግርሽ ይሄ ነው። ካለዚያ አእምሯችን ኋላ ላይ «እኔማ ድሮም አውቄው ነበር» እያለ ያታልለናል።

የአምስት ዓመቱ ይቀራል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በአምስት ዓመት ግብ ብዙም አላምንም። ግን ቅጹ ይጠይቃል፣ አንቺም «ብመለስስ?» ብለሻል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ከፊትሽ ቢያንስ ሦስት መንገድ አለ። በአመራሩ ገፍተሽ ሜትረን ወይም የጥራት ኃላፊ ልትሆኚ ትችያለሽ። ማስተማሩ የሚስብሽ ከሆነ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘሽ መምህርት ልትሆኚ ትችያለሽ፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እዚያው ሐረር ስለሆነ ቤትሽን ጥለሽ መሄድ አይጠበቅብሽም። ወይም በአንድ ዘርፍ ጠልቀሽ ከታካሚ አጠገብ የምትሠሪ የበቃሽ ነርስ ልትሆኚ ትችያለሽ። ሦስተኛው ውድቀት አይደለም። ጥሩ ነርስ አጥተን መካከለኛ ኃላፊ ያተረፍንባቸው ቦታዎች ሞልተዋል።

ግን አሁን አትወስኚ። አሁን የሰለቸሽ መሪነት ይሁን ወይስ ሁሉንም ብቻሽን መሸከም፣ ገና አልተለየም። ሦስቱ ልጆች ተራ መምራት ከጀመሩ፣ ስልክሽም ካረፈ በኋላ፣ በጥር ይህንኑ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ። ያኔም «ወደ ታካሚዎቼ» ካልሽ፣ ያ የምር ፍላጎትሽ ነው፤ ሜትረኗን አነጋግሪና በሰላም ተመለሺ። የሚተካሽም ሰው አዘጋጅተሻል።

እንግዲህ ቅጹን ከመሳቢያ አውጪው። በ«ዕድገት» ሥር ሁለት ነገር ብቻ ጻፊ፤ ሁለቱም የተፈጸሙ ነገሮች ይሁኑ። አንድ ያደረግሽው ከባድ ንግግር፣ ወይም አንዲት ነርስ አምና የማትችለውን ዘንድሮ ያለ አንቺ የሠራችበት ቀን። ከሥሩ አንድ መስመር፤ «ተረኞች ራሳቸው ሊወስኑ የሚችሉትን ጉዳይ አሁንም ወደ እኔ ያመጣሉ፤ በቀጣዩ ዓመት የምሠራው በዚህ ላይ ነው።» በ«ግብ» ሥር የሦስቱን ነርሶች ግብ አስፍሪ፣ እስከ ጥር የሚለውን ሳትረሺ። የአምስት ዓመቱ ላይ «በነርሲንግ አመራር ወይም በማስተማር ሙያዬን ማሳደግ፤ ምርጫዬን በዓመቱ አጋማሽ ላይ አሳውቃለሁ» ብትይ በቂ ነው። ቅጹ አምስት ረድፍ ስላለው አምስት ግብ መፍጠር ግዴታ የለብሽም። የግድ ሙሉ ካሉሽ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያወረደውን የዋርዱን ዕቅድ በቀሪዎቹ ረድፎች ላይ ገልብጪ፤ የራስሽ ግን ያቺው የመጀመሪያዋ ትሁን።

ከማስገባትሽ በፊት ፎቶ አንሺውና ያዢ። የሰው ሀብት ክፍሉ «አነሰ» ብሎ ከመለሰልሽ ደግሞ የመለሰበትን ምክንያት ጻፊልኝ፣ መልሱን አብረን እናየዋለን።